የአካባቢ ምክር ቤት ዕጩዎች ስለ አየር ንብረት የገቡት ቃል በምን ይመዘናል?

በቅርቡ በሚካሄደው የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ ድምፅ የሚሰጡ አንድ ጠያቂ የአምስት ዕጩዎችን የምርጫ ጽሑፍ ካነበቡ በኋላ ጥያቄ ልከውልናል። የመጀመሪያው ዕጩ በሥራ ዘመናቸው መቶ ሺህ ችግኝ እንደሚያስተክሉ፣ ሁለተኛዋ የከተማዋን የተጣራ የካርቦን ልቀት በ2040 ዜሮ እንደሚያደርሱ፣ ሦስተኛው በወንዙ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ እንደሚያስገነቡ፣ አራተኛዋ ደግሞ የአየር ንብረት አስቸኳይ ጊዜ እንደሚያሳውጁ ቃል ገብተዋል። አምስተኛው ግን «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚለውን ሐረግ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያነሡ ስለ ቦይ ጠረጋ፣ ስለ ግንባታ ፈቃድና ስለ መንገድ ጥገና ብቻ ጽፈዋል። «ሁሉም ያማረ ነገር ስለጻፉ መለየት አቃተኝ፤ ጉዳዩ ከልቡ የገባው የትኛው ነው?» ሲሉ ይጠይቃሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውስ።

የሰውን ልብ የመመርመር ሙያ የለኝም። የእኔ ሥራ የከተማ ጎርፍ ማስወገጃና የመሬት አጠቃቀም ፕላን ነው፤ በዚህ ሥራ በቆየሁባቸው ዓመታት የተማርኩት ነገር ቢኖር የአንድ ዕጩ የአየር ንብረት ፖሊሲ ብዙውን ጊዜ «አየር ንብረት» ከሚለው ርዕስ ሥር እንደማይገኝ ነው። የሚገኘው በግንባታ ፈቃድ፣ በጥገና በጀትና በቦይ ጉዳይ ላይ በተጻፈው ወይም ሳይጻፍ በታለፈው ውስጥ ነው። ስለዚህ ለአምስቱም ዕጩዎች አንድ ጥያቄ ብቻ የማቅረብ ዕድል ቢያገኙ «የትኛው መሬት ላይ እንዳይገነባ ትከለክላላችሁ?» ብለው እንዲጠይቁ እመክርዎታለሁ። ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳ።

የአካባቢ ምክር ቤት የኃይል ማመንጫ አይሠራም፤ የነዳጅ ግብር አይጥልም፤ የአገርን የኢነርጂ ፖሊሲም አያወጣም። በአብዛኛው ቦታ በእጁ ያለው መሬትን ለምን አገልግሎት እንደሚውል መወሰን፣ የግንባታ ፈቃድ መስጠትና መንፈግ፣ የአካባቢ መንገድና ቦይ መንከባከብ፣ ደረቅ ቆሻሻ ማስወገድ፣ መናፈሻና የመንገድ መብራት ማስተዳደር እንዲሁም በአደጋ ጊዜ የመጀመሪያውን ምላሽ ማስተባበር ነው። ከነዚህ ሁሉ ውጤቱ ረጅም ዕድሜ የሚኖረው የመጀመሪያው ነው። መንገድ በሃያ ዓመት ይታደሳል፤ የተሳሳተ የመንገድ መብራት በአንድ የበጀት ዓመት ይቀየራል፤ ረግረግ ላይ የተፈቀደ ሰፈር ግን ከምክር ቤቱም ከፈቃጁም በላይ ዕድሜ አለው፤ በየክረምቱ ጀልባዎችንና አሸዋ የሚሞሉ ጆንያዎችን ሲፈልግ ይኖራል።

በቁጥር ላሳይ። በአንድ ሄክታር መሬት ላይ 50 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ የሚወርደው ውኃ 500 ሜትር ኩብ ነው። መሬቱ ሣር የለበሰና አፈሩ ውኃ የሚያሰርግ ከሆነ፣ ከዚህ ውስጥ አንድ አምስተኛው ማለትም 100 ሜትር ኩብ ብቻ በላዩ ሊፈስ ይችላል። ያው ሄክታር በጣሪያ፣ በአስፋልትና በኮንክሪት ሲሸፈን አራት አምስተኛው፣ ማለትም 400 ሜትር ኩብ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ቦዩ ይገባል። ከሰማይ የወረደው ውኃ አልጨመረም፤ ቁልቁል ያሉት ነዋሪዎች የሚደርሳቸው ጎርፍ ግን አራት እጥፍ ሆኗል፤ ይህንንም ያደረገው አንድ የፈቃድ ፊርማ ነው። በዚህ ላይ አየሩ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ የውኃ ተን የመሸከም አቅም ስለሚያገኝ፣ ኃይለኛ ዝናብ በሚጥልበት ጊዜ የሚወርደው መጠን ከቀድሞው ይበልጣል። የዛሬ ሠላሳ ዓመት በቂ ሆኖ የተነደፈ ቱቦ ዛሬ ከላይም ከጎንም ጫና በዝቶበታል ማለት ነው።

በዚህ አጋጣሚ ዕጩዎች በንግግር መካከል ጣል የሚያደርጉትን «የመቶ ዓመት ጎርፍ» የሚባል አነጋገር ላፍታታው፤ በሙያችን ውስጥ እንደዚህ ሰውን ያሳሳተ ቃል ያለ አይመስለኝም። በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይመጣል ማለት አይደለም። በየትኛውም ዓመት የመከሰት ዕድሉ 1 በመቶ ነው ማለት ነው። አንድ ቤተሰብ በሠላሳ ዓመት የቤት ብድር እንዲህ ባለ ቦታ ቤት ቢገዛ፣ ብድሩን ከፍሎ ሳይጨርስ ቢያንስ አንድ ጊዜ ጎርፍ የመግባቱ ዕድል 26 በመቶ ነው። ለዚያውም የዝናቡ ጠባይ ካልተለወጠ ነው። «ባለፈው ዓመት የመቶ ዓመቱ ጎርፍ ስለደረሰብን አሁን ዕረፍት አለን» የሚል ዕጩ ካጋጠመዎት ጽሑፋቸውን አጥፈው ማስቀመጥ ይችላሉ።

አሁን ወደ ዕጩዎቹ ልምጣ። ስለ 2040 ቃል የገቡትን ዕጩ በተመለከተ መጠየቅ ያለበት «ዜሮ የሚሆነው የማን ልቀት ነው?» የሚለው ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃዎች፣ ተሽከርካሪዎችና የመንገድ መብራቶች የሚለቁት ሙቀት አማቂ ጋዝ ብዙ ጊዜ ከከተማው ጠቅላላ ልቀት ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የቀረው የነዋሪው ማብሰያ፣ መኪና፣ ፋብሪካና ከሩቅ የሚመጣ የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። የመጀመሪያውን ዜሮ ማድረግ ይቻላል፤ ሁለተኛው ምክር ቤቱ በከፊል ብቻ የሚያዝበት ነው። ሥልጣን ባለበት ቦታ ግን ብዙ መሥራት እንደሚቻል ኒው ዮርክ አሳይታለች፤ የከተማዋ ምክር ቤት በ2019 ባወጣው ሕግ ከ25,000 ካሬ ጫማ በላይ ስፋት ባላቸው አብዛኞቹ ሕንፃዎች ላይ የልቀት ጣሪያ አስቀምጦ፣ ጣሪያው ከ2024 ጀምሮ ተፈጻሚ እንዲሆን፣ የተላለፈም እንዲቀጣ ደንግጓል። ቃል እንዲህ ሲጻፍ የሚመለከተው ማን እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚሠራና ያልፈጸመ ምን እንደሚደርስበት ይታወቃል።

ደግሞም 2040 ሩቅ ነው። አንድ የምክር ቤት ዘመን አብዛኛውን ጊዜ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት አይበልጥም፤ ስለዚህ ቀኑ ሲደርስ የዛሬዋ ዕጩ ወንበሩ ላይ የመገኘታቸው ነገር አጠራጣሪ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በጀት ውስጥ ምን ይገባል ብለው ይጠይቋቸው። በእኔ ግምት ልቀትን በመቀነስ ረገድ ለአካባቢ ምክር ቤት ቅርብ ሆኖ ሳለ የሚዘነጋው ሥራ ቆሻሻ ነው። የምግብ ትርፍራፊና ሌላ ብስባሽ አየር በማይገባበት ክምር ሥር ሲበሰብስ ሚቴን ያመነጫል፤ ይህ ጋዝ በሃያ ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ሰማንያ እጥፍ ያህል የማሞቅ ኃይል አለው። ብስባሽን ከምንጩ ለይቶ ወደ ኮምፖስት መቀየር የሌላ መንግሥታዊ አካል ፈቃድ ብዙም የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ስለ ዜሮ ልቀት የጻፉ ዕጩ ስለ ቆሻሻ አንድ መስመር ካልጻፉ፣ በእጃቸው ያለውን ትተው የሌለውን ቃል ገብተዋል ማለት ይቻላል።

የአስቸኳይ ጊዜ ማሳወጁን ባጭሩ ልለፈው። በዚህ ረገድ ቀዳሚው በሜልቦርን ውስጥ የሚገኘው የዳረቢን ምክር ቤት ሲሆን፣ አዋጁን ያሳለፈው በታኅሣሥ 2016 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ከ2,000 በላይ የአካባቢና የአገር አስተዳደሮች ተመሳሳይ አዋጅ አውጥተዋል። አዋጁ ራሱ ቦይ አይጠርግም፤ በጀትም አያንቀሳቅስም። ተከትሎት የወጣ መመሪያ፣ የተመደበ ሠራተኛና የተቀየረ የፈቃድ አሰጣጥ ካለ ዋጋ አለው፤ ከሌለ የግድግዳ ጌጥ ነው።

ግንቡ ግን ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም በዓይን የሚታይ፣ ሪባን የሚቆረጥበትና ለምርጫ የሚመች ሥራ ስለሆነ ብዙ ድምፅ ያስገኛል። ግንብ መጥፎ ነው አልልም፤ ቀድሞ የተመሠረተን ሰፈር ለመጠበቅ አንዳንዴ ሌላ አማራጭ የለም። አደጋው ከግንቡ በስተጀርባ የሚሆነው ነው። ግንቡ በቆመ ማግስት ከኋላው ያለው መሬት «ከጎርፍ የዳነ» ይባላል፤ ዋጋው ይጨምራል፤ ፈቃድ ይጎርፋል። ግንቡ ትንንሾቹን ጎርፎች ለዓመታት ስለሚያስቀር ነዋሪው ወንዙን ይረሳዋል፤ ከተነደፈበት በላይ የሆነው ጎርፍ በመጣ ቀን ግን ከአደጋው ፊት የሚገኘው ሰውና ንብረት ግንቡ ከመሠራቱ በፊት ከነበረው እጅግ የበዛ ይሆናል። በነሐሴ 2005 የኒው ኦርሊንስ መከላከያዎች ሲደረመሱ ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ በውኃ ተውጧል። ስለዚህ ሦስተኛውን ዕጩ የግንቡን ከፍታ ከመጠየቅዎ በፊት ከግንቡ ጀርባ አዲስ ግንባታ ይፈቅዱ እንደሆነ ይጠይቋቸው። «አዎ፣ ለልማት ክፍት ይሆናል» ካሉ ግንቡ የመሬት ሽያጭ ዕቅድ አካል ነው።

ለውኃ ቦታ መልቀቅ የተሻለ የሚሠራበት ጊዜ ብዙ ነው። በኮፐንሃገን ሐምሌ 2 ቀን 2011 ከሦስት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በአንዳንድ ቦታዎች እስከ 150 ሚሊ ሜትር ዝናብ ወርዶ ወደ አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ጉዳት አደረሰ። ከተማዋ በቀጣዩ ዓመት ያወጣችው ዕቅድ 300 ያህል ሥራዎችን በሃያ ዓመት ውስጥ የሚያከናውን ነው፤ ከነዚህም አንዱ በአዘቦት ቀን ሰው የሚዝናናበት፣ በከባድ ዝናብ ቀን ደግሞ ከ22,000 ሜትር ኩብ በላይ ውኃ አቁሮ የሚይዝ መናፈሻ ነው። በሮተርዳም በ2013 የተከፈተው የቤንተም አደባባይም እንዲሁ ነው፦ ደረቅ ሲሆን ወጣቶች ኳስ የሚጫወቱበት ዝቅ ያለ ሜዳ፣ ዝናብ ሲበዛ ገንዳ። ከኮፐንሃገን ምሳሌ ለመራጭ የሚጠቅመው ግን ገንዘቡ የመጣበት መንገድ ይመስለኛል፤ አብዛኛው ወጪ በውኃ ተጠቃሚው ክፍያ ላይ ተጨምሮ እንዲሸፈን ሲወሰን ነዋሪው ለምን እንደሚከፍል ተነግሮታል። ወጪውን የሚናገር ዕጩ ድምፅ ሊያጣ ይችላል፤ ቢሆንም አስቦበት እንደጻፈ ከዚህ የተሻለ ምልክት አላውቅም።

ችግኝን በተመለከተ ቁጥሩን ይተዉት። የሚጠየቀው የጽድቀት መጠን ነው፤ ማለትም ከሦስት ዓመት በኋላ ስንቱ ቆሟል፣ ማንስ አጠጣው የሚለው። የተተከለበት ቦታም ከብዛቱ ያልተናነሰ ትርጉም አለው፤ ከከተማ ውጭ ኮረብታ ላይ የተተከለ አሥር ሺህ ችግኝ፣ ጥላ በሌለው የአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ፀሐይ ለሚመታቸው አዛውንት ምንም አያደርግላቸውም። በኮሎምቢያ የሜዴሊን ከተማ ከ2016 ጀምሮ በመንገዶችና በወንዝ ዳርቻዎች 30 አረንጓዴ መተላለፊያዎችን ዘርግታ፣ በነዚህ ቦታዎች ሙቀቱ በ2 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል መቀነሱን ገልጻለች። ለሥራው ነዋሪዎችን በአትክልተኝነት አሠልጥና በደመወዝ መቅጠሯን ልብ ይበሉ። ችግኝ የመትከያ ቀን አለው፤ የማጠጫ በጀት ግን ብዙ ጊዜ የለውም።

ይህ ወደ ጥገና ይወስደኛል፤ አምስተኛውን ዕጩ ለመመዘንም የሚያስፈልገው ይኸው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ሰፈር ለምን ደጋግሞ በጎርፍ እንደሚጠቃ እንድናጣራ ተጠርተን ነበር። ከመንገዱ ሥር የሚያልፈው ቱቦ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፤ በስሌት ሲታይ ለአካባቢው ዝናብ በቂ ነበር። ሠራተኛው በማንሆሉ ወርዶ የመለኪያ ዘንጉን ወደ ታች ሲሰድ ከቱቦው ወለል 40 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ደለል ነካ፤ ደለሉ ጠንክሮ ነበርና በአካፋ ጠርዝ ሲመታው የድንጋይ ድምፅ ሰጠ። ክብ ቱቦ እስከዚህ ከፍታ ሲደለል ውኃ ከሚያልፍበት ክፍት ቦታ ከሲሶ በላይ ይጠፋል። ሰፈሩን የሚያጥለቀልቀው ዝናብ እንግዳ ዝናብ አልነበረም። ምክር ቤቱ ለአዲስ ትልቅ ቱቦ ገንዘብ ሲያፈላልግ ሁለት ዓመት አሳልፎ ነበር፤ ቱቦው ግን ከተቀበረበት ቀን ጀምሮ ተጠርጎ አያውቅም።

የበጀት ሰነድ ሲያነቡ ካፒታል በጀቱንና መደበኛ በጀቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። አዲስ ግንባታ በመጀመሪያው ይገባል፤ ጠረጋ፣ ጥገናና የሠራተኛ ደመወዝ በሁለተኛው። የመጀመሪያው በየዓመቱ እያደገ ሁለተኛው ባለበት የቆመ ከሆነ፣ ከተማው የማይጠብቀውን ንብረት እየሰበሰበ ነው። አስቀድመው የምክር ቤት አባል የነበሩ ዕጩዎች ካሉ ከምርጫ ጽሑፋቸው ይልቅ ቃለ ጉባኤው ይናገራል፤ በጎርፍ ሜዳ፣ ማለትም ወንዝ ሲሞላ ውኃው በሚተኛበት መሬት ላይ፣ ፈቃድ ሲጠየቅ እጃቸውን ለየትኛው ወገን አወጡ? የቃለ ጉባኤ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት በሆነበት ቦታ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዎታል፤ አሰልቺ ንባብ መሆኑን ግን አልደብቅዎትም።

አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ከአምስቱ አንዳቸውም ስለ ሙቀት አልጻፉም። ጎርፍ ፎቶግራፍ አለው፤ ሙቀት በዝግ ቤት ውስጥ ስለሚገድል አይታይም። በሐምሌ 1995 በቺካጎ በጥቂት ቀናት ሙቀት ከ700 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አዛውንት ነበሩ። በሕንድ የአሕመዳባድ ከተማ በግንቦት 2010 በደረሰው ማዕበለ ሙቀት ከተለመደው በላይ የሞተው ሰው ቁጥር ከ1,300 በልጧል። ከተማዋ በ2013 በደቡብ እስያ የመጀመሪያ የሆነውን የሙቀት መከላከያ ዕቅድ ስታወጣ ያደረገችው እጅግ ቀላል ነበር፦ ትንበያው ከተወሰነ ደረጃ ሲያልፍ በቀለም የተለየ ማስጠንቀቂያ ማውጣት፣ የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን፣ የመጠጥ ውኃ ማቅረብ፣ መናፈሻዎችን ክፍት ማድረግና፣ በኋላም ጣሪያዎችን ነጭ መቀባት። ከጎርፍ ግንብ ጋር ሲነጻጸር ወጪው እዚህ ግባ አይባልም። በማስጠንቀቂያም በኩል ዋናው ነገር መሣሪያው አይደለም፤ የመወሰን ሥልጣን ያለው ማን ነው የሚለው ነው። ጥቅምት 29 ቀን 2024 በስፔን ቫሌንሲያ ክፍለ ሀገር ወደ ስልኮች የተላከው መልእክት የደረሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ብዙ ከተሞች በውኃ ተጥለቅልቀው ነበር፤ የሟቾች ቁጥር ከ220 በላይ ሆኗል። የእርስዎ ዕጩዎች ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማስጠንቀቂያ እንዲላክ የሚያዝዘው የትኛው ኃላፊ እንደሆነ ያውቃሉ?

ድርቅንና የውኃ እጥረትን በአንድ አንቀጽ ላንሣ። ኬፕ ታውን በ2018 ቧንቧዎቿ ሊደርቁ ሲቃረቡ የእያንዳንዱን ነዋሪ ፍጆታ በቀን በ50 ሊትር ወስና፣ ታሪፍ ከፍ አድርጋና በመስመሮቿ ያለውን ግፊት ቀንሳ ቧንቧዎቹ ሳይደርቁ ክፉውን ጊዜ አሳልፋዋለች። እነዚህ ሁሉ የአካባቢ አስተዳደር መሣሪያዎች ናቸው። የሚያፈሱ መስመሮችን ስለመጠገን የጻፈ ዕጩ ካለ፣ ሐረጉን ባይጠቀምበትም ስለ አየር ንብረት ጽፏል።

እንግዲህ አምስተኛውን ዕጩ እመርጣለሁ ወይ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። ጽሑፋቸው ከሌሎቹ ይልቅ ለምክር ቤት ሥልጣን የቀረበ ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ነገር ግን ሁለት ቀዳዳ አለው። የመጀመሪያው ልቀትን መቀነስ ጨርሶ አለመጠቀሱ ነው፤ የመቋቋም አቅም ብቻውን በየዓመቱ ከፍ እያለ ከሚሄድ ሙቀት ጋር መሽቀዳደም ስለሆነ መጨረሻ የለውም። ሁለተኛው የሚጠርጓቸው ቦዮች የተነደፉት በድሮ የዝናብ መረጃ ከሆነ ንጹሕ ቦይም ሞልቶ ሊፈስ መቻሉ ነው። ስለዚህ በሕዝብ መድረክ ላይ ሲያገኟቸው የቦዮቹ ንድፍ በየትኛው ዘመን የዝናብ መረጃ እንደተሠራና በማን እንደሚከለስ ይጠይቋቸው። ከዚያም ማስተር ፕላኑን ዘርግተው፣ በጎርፍ ሜዳው ላይ እስካሁን ፈቃድ ያልተሰጠበትን ባዶ መሬት በጣትዎ ያሳዩአቸውና፣ ባለ መሬቱ ነገ የግንባታ ማመልከቻ ይዞ ቢመጣ መልሳቸው ምን እንደሆነ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ያስነግሯቸው። ሌሎቹንም አራቱን እዚያው ካርታ ላይ ያንኑ ቦታ አሳይተው ይጠይቁ፤ መልሶቻቸውንም ከነቀኑ ይጻፉ።